ወገቤን ስቴም ሴል ልወጋ? ብር ከመክፈልህ በፊት

አዳማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ሲንገጫገጭ ውሎ ማታ ወገቡን ይዞ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፤ ታዲያ አንዱ «ውጭ አገር ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) ወግተው ያድኑሃል» ሲለው ልቡ ይከጅላል። ቆይ! ህመሙ ከ3 ወር አልፏል? የስቴም ሴል ምርምሩ በአብዛኛው በቆየ ህመምና ባረጀ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ላይ ስለሆነ፣ የኤምአርአይ ምስልህን ይዘህ መጀመሪያ ሐኪም አማክር። ሜሶብላስት የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ 404 ሰዎች ላይ ያደረገው የስቴም ሴል መርፌ ሙከራ መድኃኒት ከሌለው የጨው ውሃ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ዋና ግቡን አልመታም። መርፌውን የሚሰጡት ሰዎች «ጥናት ላይ ነን» ካሉህ የጥናቱን የምዝገባ ቁጥር ጠይቅና ጥናቶች በሚመዘገቡበት ድረ ገጽ፣ ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ (clinicaltrials.gov) ላይ ፈልገው። በትክክለኛ ጥናት ተሳታፊው አብዛኛውን ጊዜ ለመርፌው አይከፍልም፣ እና ብር ካስቀደሙ ንቃ። ብልትህ ወይም መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ግን ይሄን ሁሉ ተወውና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ።