ሞተር ከቀየርኩ በኋላ የውሃና የነዳጅ መስመሩን ያስተካከልኩበት መንገድ
ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) የነበረውን ሞተር አውርጄ በኢንጀክሽን (ነዳጅን በግፊት በመርጨት) የሚሠራ የገጠምኩለት ፎርዊል መኪናዬ፣ ዳገት በወጣ ቁጥር የሙቀት መለኪያው በድንገት ሽቅብ ወጥቶ ይመለስ፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ነበር። ራዲያተሩ ያነሰው መስሎኝ ትልቅ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። አዲሱ ሞተር ከፍ ብሎ በመቀመጡ የቴርሞስታቱ (የውሃውን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) ቤት ከራዲያተሩ ክዳን በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ አየር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ከሁሉም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ውስጡ የሚታይ የውሃ ማጠራቀሚያ አሰርኩ፤ ከቴርሞስታቱ ቤትም ቀጭን የአየር ማስወጫ ቱቦ ወደ እሱ ዘረጋሁ። ከዚያም ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የመኪናውን ፊት በክሪክ አንስቼ፣ የማሞቂያውን መስመር ከፍቼ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። አረፋው እየተቆራረጠ ለረጅም ጊዜ ስለሚወጣ ጨርሶ እስኪያቆም መታገሥ ያስፈልጋል።

ነዳጁም የራሱ ጣጣ ነበረው። ካርቡሬተር ከ0.5 ባር (የግፊት መለኪያ) በታች በሆነ ግፊት ሲሠራ ይህ ሞተር 3 ባር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና ማሰሪያዎቹን ለኢንጀክሽን በተሠሩ ተካሁ፤ ትርፉ ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበትን መስመርም ጨመርኩ። አሮጌው የጎማ ቱቦ ማሰሪያው ሥር በጣት ሲጎብጥ ስንጥቅጥቁ ይታይ ነበር፤ የሚያልፈውም በጭስ ማውጫው አጠገብ ነበርና ይህን ማንም ችላ እንዳይል አጥብቄ እለምናለሁ።