እህቶቼ፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አትፍሩ

የዘጌዋ አክስቴ ወር አበባዋ ከቆመ ከ4 ዓመት በኋላ ትንሽ ደም አየችና «ተመለሰልኝ» ብላ ዝም አለች፣ ለገበያ በጀልባ ባህር ዳር ስትመጣ ነው እጇን ይዤ ሀኪም ጋ የወሰድኳት። እባካችሁ ካረጣችሁ በኋላ ወይ ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ፣ ናሙና ሊወሰድ ስለሚችል ቀጥታ ሀኪም ጋ ሂዱ።

ምንም ባያማችሁም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ ደሞ ከ25 ጀምሮ፣ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ነርሷ የማህፀን በር ላይ አቸቶ ውስጥ ያለውን አሲድ በጥጥ ቀብታ 1 ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ነጭ ነገር ከታየ ቅድመ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጊዜ እዛው በቅዝቃዜ ወይ በሙቀት ያክሙታል፣ ወደ ካንሰር ከመቀየሩ በፊት ማለት ነው። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ በቃ። ወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ግን እስኪያልቅ ጠብቁ።