የፈረንሳይን የባሕር ዳርቻ በካምፐር ቫን ለሁለት እንዴት መዞር ይቻላል

ባለፈው መስከረም እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት ተነስተን በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ያሉትን ኖርማንዲንና ብሪታኒን በ12 ቀን ዞረን ተመለስን። ሆቴል አልያዝንም። የተኛነውም፣ ያበሰልነውም፣ ቡና ያፈላነውም መኪናው ውስጥ ነው። እንደኛ ለመሄድ ያሰበ ካለ አካሄዱን ልንገራችሁ። ብዙው ቀላል ነው። ማታ የት ይታደራል የሚለው ግን ከባድ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

1. ጊዜውን ምረጡ

ጁላይና ኦገስት ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ለእረፍት የሚወጡበት ነው። ቦታው ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። በዚያ ላይ ኦገስት ላይ ፍልሰታ ስለሚገባ ለጿሚ ሰው የዓሣ ጥብስ አይታሰብም። እኛ እንቁጣጣሽን ቤታችን አክብረን በማግስቱ ወጣን። አየሩ ገና ሞቃት ነበር፣ ቦታም እንደልብ።

2. መኪናውን ተከራዩ፣ ከፍታውንም ጻፉ

ለሁለት ሰው 6 ሜትር የሚሆነው ይበቃል። ትልቁ ያምራል፤ የብሪታኒ ጠባብ የመንደር መንገድ ውስጥ ሲገባ ግን ጭንቀት ነው። በተራው የቢ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3.5 ቶን ነው፤ ጭነቱም አብሮ ይቆጠራል። 100 ሊትር ውሃ ማለት 100 ኪሎ ነውና ታንኩን ሁልጊዜ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ።

የመኪናውን ከፍታ በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። በፈረንሳይ አውቶሩት (የሚከፈልበት ፈጣን መንገድ) ላይ የሚከፈለው በከፍታም ነው። ከ3.5 ቶን የማይበልጥ መኪና ከ2 ሜትር በታች ከሆነ 1ኛ ደረጃ፣ በ2 እና በ3 ሜትር መካከል ከሆነ 2ኛ ደረጃ ይከፍላል። 3 ሜትር ከደረሰ 3ኛ ደረጃ ነው። ብሪታኒ ውስጥ ፈጣኑ መንገድ ነፃ ነው።

3. ስንቅና ዕቃ

ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ ሽሮ። በአንድ ድስት ፍርፍር ይሠራል፣ የሚታጠበውም ዕቃ ያንሳል። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ውጡ፤ መኪና ውስጥ ከተቆላ ጭሱ ፍራሹ ላይ ይቀራል። የጋዝ ሲሊንደር አፉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ስትነሱ ሙሉ ይሁን። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በሕግ የግድ ናቸው።

4. ማደሪያውን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ወስኑ

በኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፤ በነሱ 16 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን የተማርነው በሦስተኛው ቀን ነው። ገዳም ያለባት ደሴት ሞን ሳን ሚሼል አምሽተን የሆነች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ስንደርስ ጨልሟል። መንገድ ላይ ቆመን ስናበስል የጣሪያዋን መስኮት ለእንፋሎቱ ከፍተናት ነበር። ረሳናት። ወደ አንድ ፓርኪንግ ስንጠጋ መግቢያው ላይ ከላይ የተጋደመ ብረት አለ፤ 2.70 ይላል። ወረቀታችን 2.65 ይላል። ባለቤቴ «ያልፋል» አለኝ፣ እኔም ነዳሁ። ከላይ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማን። ወርደን ስናይ የመስኮቷ ነጭ ፕላስቲክ አስፋልቱ ላይ ተበታትኗል። ሌሊት ዘነበ። እሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የቆሻሻ ከረጢት በፕላስተር ሲለጥፍ እኔ ከታች የስልክ መብራት ይዤለት ነበር። አከራዩ ጋ ካስያዝነው ገንዘብም ተቆረጠ። ደክሞን ባይሆን ኖሮ አንዳችን ወርደን እናይ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት አንዳችሁ ውጡና ዙሩት፦ የጣሪያ መስኮት፣ የጋዝ ቧንቧ፣ ደረጃ፣ የመሳቢያ ቁልፍ። በየቀኑ፣ ለአምስት ደቂቃ ዳቦ ልትገዙ ቆማችሁም ቢሆን። ሁለተኛ፣ ብረት ካያችሁ ወርዳችሁ እዩ። የባሕር ዳር ፓርኪንጎች ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ላይ ብረት የሚያጋድሙት ካምፐር እንዳይገባ ብለው ነው። ሌላ ቀዳዳ አትፈልጉ።

ታዲያ የት ይታደራል? እኔ የምመርጠው «ኤር ደ ካምፒንግ ካር» የሚሉትን ነው። ለካምፐር ተብሎ የተዘጋጀ ማቆሚያ ነው፤ አንዳንዱ ነፃ፣ ብዙው በትንሽ ክፍያ። ገላ መታጠቢያ ሲያስፈልጋችሁ «ካምፒንግ ሙኒሲፓል» ግቡ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ከግሉ ይረክሳል። «ፍራንስ ፓሲዮን» የሚባለው ማኅበር አባል ከሆናችሁ ደግሞ ገበሬዎች ግቢያቸው ውስጥ 24 ሰዓት በነፃ ያቆሟችኋል። መኪናው የራሱ ሽንት ቤት ሊኖረው ግን ግድ ነው። ፓርክ ፎር ናይት የሚባለው አፕ ላይ የቦታውን ፎቶና ያደሩበትን ሰዎች አስተያየት ታያላችሁ። ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ሞልቶ ይጠብቃችኋልና።

ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ማቆምና መስፈር ለነሱ የተለያዩ ናቸው። በተፈቀደ ቦታ መኪና ውስጥ መተኛት ማቆም ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ካወጣችሁ፣ ድንኳን ከዘረጋችሁ ግን መስፈር ይሆናል፤ ባሕሩ ዳር ላይ ደግሞ እሱ ክልክል ነው። ጀበናችሁን ውስጥ አፍሉ።

5. ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ እወቁ

እኛ ያደግነው ሐይቅ እያየን ነው፤ ውሃ ባለበት ይቆያል ብለን እናስባለን። ሞን ሳን ሚሼል አካባቢ ግን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። ሳን ማሎ በምትባለው የብሪታኒ ከተማ ባሕሩ ሲጎድል ግራን ቤ ወደምትባለው ደሴት በእግር ይኬዳል። የደራሲው ሻቶብሪያን መቃብር እዚያ ነው። ሰዓቱ ካለፋችሁ ውሃው መንገዱን ይውጠዋል፣ እስኪጎድልም ለሰዓታት ደሴቷ ላይ ትቀመጣላችሁ። የሰዓት ሰንጠረዡን ከከተማው የቱሪስት ቢሮ ውሰዱ። እኛ ስንመለስ ጫማችንን አውልቀን ነበር፤ ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትት ስለነበር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የመጣነው።

6. ቆሻሻ መድፋትና ውሃ መሙላት

በየሁለት ቀኑ። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ማደሪያው መሬት ላይ ባለው ፍርግርግ፣ የሽንት ቤቱ ሳጥን በራሱ ጉድጓድ ይደፋል። ብዙ ጊዜ ሁለት የውሃ ቧንቧ ታገኛላችሁ። አንዱ የሚጠጣ ነው፣ ሌላው የሽንት ቤት ሳጥን ማጠቢያ። አደራ፣ አታምታቱ። ከመሙላታችሁ በፊት የሚጠጣውንም ቢሆን ጥቂት አፍስሱት፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ሳጥኑን እዚያ አጥቦ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁ ጎማ ቱቦ ቢኖራችሁ በጣም ጥሩ ነው፣ ለሚጠጣ ውሃ ብቻ የሚያዝ።

መኪናውን ከመመለሳችሁ በፊት በመጨረሻው ማደሪያ ሁለቱንም ደፍታችሁ፣ ሳጥኑን አጥባችሁ ሂዱ። አከራዩ ጋ ደርሳችሁ ሙሉ ከተገኘ ለብቻው ያስከፍላል።