የስፖርት መኪና ኦርጅናል ቸርኬ፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ቀለሙ የተላጠና ጠርዙ በድንጋይ የተፋቀ ቸርኬ ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ ከቀለም አያልፍም፤ በደህና ባለሙያ እጅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። የሚያሰጋው ሌላው ነው፤ ፊቱ እያብለጨለጨ ከጀርባው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ የያዘው። ስለዚህ ለቀለምም ሆነ ለአዲስ ቸርኬ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ብረቱን ይመርምሩ። ምርመራውን ያላለፈ ቸርኬ ላይ የሚወጣ የቀለም ወጪ ሁሉ ኪሳራ ነው።

የያዙት ምን ዓይነት ነው?

የቸርኬውን ጀርባ አጥበው የታተመበትን ሁሉ ፎቶ ያንሱ። ስፋቱና ዲያሜትሩ በኢንች (ለምሳሌ 7ጄ×16)፣ ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚያሳየው የኢቲ ቁጥር፣ የአምራቹ ምልክት፣ የዕቃው መለያ ቁጥርና የተመረተበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉን ከጠርዙ በሚያገናኙት ክንዶች ጀርባ ወይም በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይገኛሉ። ቀኑ መኪናው ከተሠራበት ጊዜ ጥቂት ቀደም ያለ ከሆነ ቸርኬው ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ለአሮጌ ስፖርት መኪና ገዢ ይህ ማስረጃ ራሱ ዋጋ አለው። ጽሑፉ በወፍራም ቀለም እንዳይደፈን ለሚያድሰው ሰው አስቀድመው ይንገሩት።

ቀጥሎ የብረቱን ዓይነት ይለዩ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ለማደስ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀላል። ለመለየት ከጀርባ በኩል ትንሽ ቦታ ቀለሙን ፍቀው አንድ ጠብታ ነጭ ኮምጣጤ ያድርጉበት፤ ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ጠብታውን ወዲያው በውሃ አጥበው ያድርቁት።

አሉሚኒየሙም ሁለት ዓይነት ነው፦ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ካስት እና በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራው ፎርጅድ። ለፖርሽ 911 ኤስ በ1966 የቀረበው ባለ አምስት ክንዱ የፉክስ ቸርኬ የፎርጅድ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ልዩነቱ ለውሳኔው ትልቅ ትርጉም አለው። ፎርጅድ ሲመታ መጀመሪያ ይጣመማል፤ ካስት ግን ብዙም ሳይጣመም ሊሰነጠቅ ይችላል። በመሆኑም ጠርዙ የተጣመመ ፎርጅድ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ እኩል የተጣመመ ካስት ግን በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

ስንጥቅ ፍለጋ

ጎማው ሳይወልቅ ምርመራ የለም። ስንጥቅ የሚወደው ጎማው የሚያርፍበትን ውስጠኛ ክብ፣ በርሜል የሚባለውን፣ ስለሆነ ጎማው ይሸፍነዋል። በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ ይጠቡት፤ አሲድ ያለበትን የቸርኬ ማጽጃ አይጠቀሙ። ከዚያ በጠንካራ መብራት አራት ቦታ ይመልከቱ፦ የውስጠኛውን ከንፈር ዙሪያውን፣ በርሜሉን በተለይም ከክንዶቹ ጀርባ ያለውን፣ የእያንዳንዱን ክንድ ሥር፣ እንዲሁም በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ብረት።

ዓይን ብቻ አይበቃም። የስንጥቅ መፈለጊያ ቀይ ፈሳሽ ከማጽጃውና ከነጩ ዱቄት ጋር በሦስት ጣሳ ይሸጣል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የሚመረመረው ቦታ እስከ ባዶ ብረቱ መጽዳትና መድረቅ አለበት። ቀዩን ነፍተው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት፤ በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ማጽጃውን ጨርቅ ላይ አድርገው ላዩን ይጥረጉ። ማጽጃውን በቀጥታ ቸርኬው ላይ ከነፉት ስንጥቁ ውስጥ የገባውንም አጥቦ ስለሚያወጣው ምርመራው ይበላሻል። በመጨረሻ ነጩን በስሱ ነፍተው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። የተበታተኑ ቀይ ነጠብጣቦች ከታዩ ካስት ቸርኬ ላይ የተለመዱ የአየር ቀዳዳዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጭን ቀይ መስመር ከሆነ፣ በተለይ ከብሎን ቀዳዳ ወይም ከክንድ ሥር የሚነሳ ከሆነ፣ ስንጥቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተል አለ። ቸርኬው መጀመሪያ ሳንድ ብላስት ተደርጎ (በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ ተጠርጎ) ከዚያ ቢመረመር፣ አሸዋው የብረቱን ላይ ቀጥቅጦ የስንጥቁን አፍ ሊዘጋው ስለሚችል ቀዩ ፈሳሽ መግቢያ ያጣል። ለምርመራ ቀለሙ በኬሚካል ይነሳ፤ ብላስቱ ከምርመራው በኋላ ይምጣ። የቀለም ማስለቀቂያው ለአሉሚኒየም የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካስቲክ ሶዳ ያለበት አሉሚኒየምን ራሱን ይበላል።

ስንጥቅ ከተገኘስ? በክንድ፣ በመሃሉ፣ በብሎን ቀዳዳ ወይም በበርሜሉ ላይ ከሆነ ያ ቸርኬ መንገድ ላይ መመለስ የለበትም። «በያጅ አለ» የሚል ምክር ይመጣል። ችግሩ ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ የሰጠውን የሙቀት ሕክምና ማጥፋቱ ነው። 6061-ቲ6 የሚባለው አሉሚኒየም ሲጎተት ወደ 310 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ይችላል፤ ከተበየደ በኋላ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ወደ 200 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስፌቱ ቢያምርም ቀጣዩ ስንጥቅ ከጎኑ ይነሳል። ብየዳ የሚፈቀደው ከውጭ ጠርዙ ላይ የተቆረሰች ቁራጭ ለመሙላት ብቻ ነው።

መጣመምና መበላት

ቸርኬው በራሱ ሞዞ (በመኪናው ላይ ቸርኬው በብሎን በሚታሰርበት ክፍል) ላይ ወይም በባላንስ ማሽን ላይ ታስሮ፣ ትንንሽ እንቅስቃሴ የሚለካው ባለ ሰዓት መለኪያ (ዲያል ጌጅ) የጎማው መቀመጫ ላይ ያርፍና ቸርኬው በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሁለት ንባብ ይወሰዳል፦ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውና ወደ ጎን የሚሄደው። የመጨረሻው ቃል የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ነው፤ ለአሎይ (ለአሉሚኒየም ወይም ለማግኒዚየም) ቸርኬ ከ1 ሚ.ሜ በታች የሆነ ገደብ የተለመደ ነው። የውስጥ ወይም የውጭ ከንፈር ብቻ ከታጠፈ በሃይድሮሊክ ማሽን ይቃናል። መታጠፉ ክንዶቹ ድረስ ከዘለቀ ወይም ከሞዞው ጋር የሚገጥመው ገጽ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጋደምበት ክፍተት ካሳየ ይተዉት። የብሎን ቀዳዳው ሞላላ ከሆነም እንዲሁ፤ ቸርኬው ላልቶ ተነድቷል ማለት ነው።

ሲቃና በእሳት መሞቁን አይፍቀዱ። አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት አይቀላም፤ ምን ያህል እንደሞቀ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ከተቃና በኋላ የቀዩ ፈሳሽ ምርመራ ይደገማል፤ ሲቃና የሚሰነጠቅ ቸርኬ ጥቂት አይደለም።

ቫርኒሹ ሥር እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር መልክ ብቻ ያበላሻል። የጎማ መቀመጫው ላይ ያለ ነጭ ዝቃጭ አየር ያስተነፍሳል፤ ተፍቆ ሲጸዳ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ጥልቅ ጉድጓድ ከቀረ ግን ስቱኮ መፍትሔ አይሆንም፤ ጎማው ሲገባና ሲወጣ ይነሳል።

ሲታደስ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ዋናው ሙቀት ነው። አሎይ ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በመቆየት ነው። ፓውደር ኮቲንግ (በዱቄት መልክ ተነፍቶ በሙቀት የሚቀልጥ ቀለም) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ይጋገራል። አንድ አጭር ጋገራ በትክክል ከተያዘ ብዙ አይጎዳም፤ ነገር ግን ፕራይመር፣ ቀለምና ቫርኒሽ እያንዳንዳቸው ሲጋገሩ ሦስት ይሆናል፣ ከዚህ በፊት የተደረገውም ይደመራል፣ ምድጃው በትክክል ካልተቆጣጠሩት ደግሞ ከተጻፈው በላይ ይሞቃል። በፍጥነት ለሚነዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ በ60 ዲግሪ የሚደርቀው ባለ ሁለት ድብልቅ ቀለም ይመረጣል። ፓውደር ከፈለጉ በዝቅተኛ ሙቀት የሚጋገረውን ይጠይቁ። ለብረት ቸርኬ ይህ ሥጋት የለም።

ሁለተኛው፣ የትኛውም ቀለም ቢሆን በብሎኑ መቀመጫና ከሞዞው ጋር በሚገጥመው ገጽ ላይ መቀባት የለበትም። ፓውደር በአንድ ንብርብር ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል። ብሎኑ ሲጠብቅ በዚያ ቀለም ላይ ያርፋል፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲደቅቅ ብሎኑ ይላላል። እነዚህ ቦታዎች ከመቀባታቸው በፊት ይሸፈኑ።

ፊቱ በቶርኖ ተልጦ የሚያበራው ቸርኬ በእያንዳንዱ ልጠት ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛዎች ያጣል፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተላጠ ሳያውቁ አያስልጡ። ፋብሪካው አኖዳይዝ ያደረገውን (በኤሌክትሪክና በኬሚካል መከላከያ ንብርብር የሰጠውን) ደግሞ በፖሊሽ ማሽን መፈግፈግ መከላከያውን ማንሳት ነው፤ በትክክል የሚታደሰው አሮጌው ንብርብር በኬሚካል ተነስቶ እንደገና አኖዳይዝ ሲደረግ ነው።

ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል በብሎን የተጋጠመ ቸርኬ ካለዎት፣ ጎማው ውስጥ አየር እያለ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በፍጹም አይንኩ፤ ክፍሎቹ በኃይል ተለያይተው ሰው ይገድላሉ። አየሩ ወጥቶ ጎማው ከወለቀ በኋላ ይፈታል። ሲገጠም ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ፣ በአምራቹ ልክ በመስቀል ይጥበቁ፣ መገጣጠሚያው በአዲስ ማሸጊያ ሲሊኮን ይዘጋና ከመነፋቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይደር። የዚህ ዓይነቱ ቸርኬ ትልቅ ጥቅም የተጎዳውን ከንፈር ብቻ ቀይሮ ኦርጅናል መሃሉን ማቆየት መቻሉ ነው።

ማግኒዚየም ለልዩ ባለሙያ ይተው። ብናኙ በእሳት ይያያዛል፤ የተያያዘው ላይ ውሃ ማፍሰስ ያባብሰዋል፣ የሚጠፋው በደረቅ አሸዋ ወይም ለብረት እሳት በተዘጋጀ ዱቄት ነው። ብረት በተነፋበት አሸዋ መንፋትም አይቻልም፤ የሚቀረው የብረት ብናኝ ማግኒዚየሙን ከውስጥ ያስበላዋል። አሥርተ ዓመታት ያለፉት የማግኒዚየም ቸርኬ በራጅ ሳይታይ ፍጥነት ላይ መዋል የለበትም።

መቀየር ከመጣ

ከአራቱ አንዱ ብቻ ከወደቀ ሙሉ ስብስብ አይግዙ፤ ተመሳሳይ መለያ ቁጥርና የተቀራረበ ቀን ያለውን አንድ ያገለገለ ይፈልጉና ከላይ ያለውን ምርመራ ያሳልፉት። ሁለትና ከዚያ በላይ ከወደቁ፣ ወይም መኪናው ሩጫ ሜዳ የሚገባ ከሆነ፣ ሌላ ስብስብ መግዛቱ ይሻላል። ያኔም ኦርጅናሎቹን አይሽጡ። የተሰነጠቀውን እንኳ ጀርባው ላይ «አይገጠምም» ብለው በማይጠፋ ቀለም ጽፈው ያስቀምጡት።

አዲሱ ቸርኬ ላይ ልኬቱ ይወስናል። ኢቲ ማለት ከሞዞው ጋር የሚገጥመው ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ምን ያህል ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደሆነ ነው። ከ7ጄ ኢቲ40 ወደ 8ጄ ኢቲ35 ቢሄዱ፣ አንድ ኢንች ወርድ በየጎኑ 12.7 ሚ.ሜ ይጨምራል፤ የኢቲው ልዩነት ደግሞ 5 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ይገፋል። ውጤቱ ወደ ፓራፋንጎው 17.7፣ ወደ ሾክ አብዞርበሩ 7.7 ሚ.ሜ ይቀርባል ማለት ነው። ከፍሬን ካሊፐሩም ቢያንስ 3 ሚ.ሜ ይራቅ።

የብሎን ቀዳዳዎቹ ክብ ልክ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 5×120 (አምስት ቀዳዳ በ120 ሚ.ሜ ክብ ላይ) እና የቀድሞዎቹ ኮርቬቶች የተጠቀሙበት 5×120.65 በዓይን አይለዩም፤ ብሎኑም ይገባል፣ ነገር ግን ተጣሞ ስለሚቀመጥ ይላላል። የመሃል ቀዳዳው ከሞዞው ጋር ይግጠም፤ ለብዙ የፖርሽ ሞዴሎች 71.6 ሚ.ሜ ነው። የብሎኑ መቀመጫ ቅርጽም ይታይ፦ ኦርጅናሉ ክብ ኳስ መሰል ሆኖ አዲሱ ሾጣጣ ከሆነ ከአዲሱ ቸርኬ ጋር የሚሄድ ብሎን ይግዙ። ክብ ብሎን በሾጣጣ መቀመጫ ውስጥ በቀጭን መስመር ብቻ ይነካል፤ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ሬንች ጠበቀ ቢልም ሲነዳ ይላላል።

የመሸከም አቅሙም ከቸርኬው ላይ ይነበባል። በአንድ አክስል ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ክብደት 1,000 ኪሎ ከሆነ እያንዳንዱ ቸርኬ ቢያንስ 500 ኪሎ መቻል አለበት። ይህ ቁጥር ያልታተመበትን፣ እንደ አይኤስኦ 3006 ባለ የሙከራ ደረጃ ለመፈተኑ ሰነድ ያልቀረበበትን ኮፒ ርካሽ ቢሆንም ይለፉት።

ሲገጠም

የታደሰም ይሁን አዲስ፣ የሞዞውን ገጽ በሽቦ ብሩሽ ከዝገት ያጽዱ። ብሎኖቹን በእጅ አስጀምረው መኪናው መሬት ሲነካ በመስቀል በቶርክ ሬንች ያጥብቁ፤ ለቀድሞዎቹ 911 ሞዴሎች 130 ኒውተን ሜትር ነው፣ ለሌላው የየራሱ መጽሐፍ ይታይ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቸርኬው ቀዝቅዞ ሳለ በዚያው ልክ ይድገሙት። ብሎኑ በግልጽ ከዞረ ቸርኬውን አውልቀው መቀመጫውን ይመልከቱ፤ የደቀቀ ቀለም ካገኙ እስከ ብረቱ ፍቀው እንደገና ይግጠሙት።