ዶሮዋ እየበላች ከከሳች ኩሷን እዩ

ሱሉልታና ሰበታ አካባቢ ጓሮ ዶሮ የምታረቡ፣ ክረምቱ ሲገባ ይህን ልብ በሉ። ጥሬ በደንብ እየለቀመች የምትከሳ፣ ክንፏን የጣለች፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ የገረጣ ዶሮ ካለች ኩሷ ውስጥ እንደ ቀጭን ፓስታ ያለ ነጭ ትል ፈልጉ፤ ወስፋት ነው። ባይታይም ነጻ ናት ማለት አይደለም።

ፒፐራዚን የሚባለው የትል መድኃኒት ወስፋትን ያስወጣል፣ ለኮሶ ትል ግን አይሆንም። ስለዚህ ኩሱን በላስቲክ ይዛችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መጠኑን በክብደቷ ያሰላል። የሰው ኪኒን በግምት ቆርሶ መስጠት ይቅር! መድኃኒቱን ከወሰደች በኋላ እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ፣ ለእንቁጣጣሽ ልታርዱ ካሰባችሁ ሥጋዋንም።

መድኃኒቱ ቀላሉ ነው፣ ጣጣው ያለው መሬቱ ላይ ነው። የወስፋት እንቁላል እርጥብ ኩስ ውስጥ በ2 ሳምንት ገደማ ለመተላለፍ ይደርሳል። ሰጋቱራውን፣ በተለይ ውኃ መጠጫው ዙሪያ የራሰውን፣ ቶሎ ቶሎ ጠርጋችሁ ቀይሩ። ጥሬ መሬት ላይ አትበትኑ፤ ጫጩቶችንም ከትልልቆቹ ለዩ።