ባለ ሁለት ቁልፍ ሽንት ቤት እንዴት ይገጠማል?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይሄን ስሌት አንዴ ሥሩት። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ሽንት ቤት ቢገባ፣ 25 ጊዜ ፍላሽ ይደረጋል። የድሮው ፍላሽ በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ይለቃል፤ ከዚያ በላይ የሚለቅም አለ። በቀን 225 ሊትር ማለት ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢኖራችሁ፣ ምንም ሳታበስሉበትና ልብስ ሳታጥቡበት፣ በአምስተኛው ቀን ሽንት ቤቱ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ባለ ሁለት ቁልፉ ለሽንት በሚጫኑት ትንሹ ቁልፍ 3 ሊትር፣ ለሰገራ በሚጫኑት ትልቁ 6 ሊትር ነው የሚለቀው። ከአምስቱ አራቱ ለሽንት ብቻ ከሆኑ ለዚያው ቤተሰብ በቀን 90 ሊትር ይበቃል፣ ያው ሮቶ አስራ አንድ ቀን ይሄዳል። በየቀኑ የሚተርፈው 135 ሊትር ወደ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አሠራሩ በ1980 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ካሮማ በሚባል ኩባንያ የተጀመረ ነው፤ ውሃ የሚያጥረው አገር ነውና ነገሩ ቶሎ ነው የገባቸው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሙሉውን መቀመጫ ትቀይራላችሁ ወይስ የታንኩን የውስጥ ዕቃ ብቻ? ሁለት ቁልፍ ያለው የውስጥ ዕቃ ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ችግሩ የድሮው ሳህን ለ9 ሊትር የተሠራ ከሆነ በ6 ሊትር በደንብ ላይገፋ ይችላል። ያኔ ሰው ሁለቴ ይጫናል፣ ሁለቴ 6 ደግሞ 12 ነው፣ ከድሮውም ባሰ። ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጡ ሞክሩት። የታንኩን ተንሳፋፊ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃው 6 ሊትር አካባቢ ላይ እንዲቆም አድርጉና አንድ ሳምንት ተጠቀሙበት። አንዴ ተጭናችሁ ሁሉም ከሄደ የውስጥ ዕቃው ብቻ ይበቃችኋል። ካልሄደ ሙሉውን ቀይሩ።

ሙሉውን ለመቀየር ከወሰናችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ። ፍሳሹ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ ኤስ ትራፕ፣ ወደ ግድግዳ የሚገባ ከሆነ ፒ ትራፕ ነው የምትገዙት። ለወለሉ፣ ከግድግዳው ሴራሚክ ፊት እስከ ቧንቧው ቀዳዳ መሀል ያለውን ርቀት ያዙ። ለግድግዳው ደግሞ ከወለል እስከ ቀዳዳው መሀል ያለውን ከፍታ። ቧንቧው ተሸፍኖ ካልታያችሁ መቀመጫውን አንስታችሁ ለኩ እንጂ በግምት አትግዙ። እኔ በግምት ገዝቼ አውቃለሁ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» አለኝ፣ አመንኩት፣ ቤት ስደርስ መቀመጫው ከግድግዳው 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቆመ። መልሼ ብወስደው አልቀበልም አለኝ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከዕቃው ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ፣ ከዚያ ክፈሉ።

የድሮውን ለማንሳት ከታንኩ ሥር ያለውን ቫልቭ ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጉ፣ የቀረውን ውሃ በስፖንጅ አውጡ። ሳህኑ ውስጥ የቆመውንም በኩባያ ጨርሱት፣ አለበለዚያ ስታነሱት እግራችሁ ላይ ነው የሚፈሰው። ፍሌክሲብሉን (ከቫልቩ ወደ ታንኩ ውሃ የሚወስደውን ተጣጣፊ ቱቦ) ፍቱ፣ ከዚያ የታንኩንና የመቀመጫውን ብሎኖች። ብዙ ቤት መቀመጫው በሲሚንቶ ነው የተያዘው፤ ዙሪያውን በመሮ ቀስ እያላችሁ ለቀቅ አድርጉት። አትቸኩሉ፣ አንድ የወለል ሴራሚክ ከተሰነጠቀ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ለሁለት ሆናችሁ አንሱት። ወዲያው የቧንቧውን ቀዳዳ በፌስታል በተጠቀለለ ትልቅ ጨርቅ ድፈኑ። ሽታው ቤቱን አይሞላውም፣ ብሎን ወድቆም አይገባበትም። ጨርቁ ራሱ ወደ ውስጥ እንዳይሄድ ትልቅ ይሁን።

የድሮውን ሲሚንቶ ፍርፋሪ እስከ ንጹሕ ሴራሚኩ ድረስ ፋቁ። አዲሱን መቀመጫ መጀመሪያ እንዲሁ ያለምንም ማጣበቂያ አስቀምጡትና ውሃ ልክ አድርጉበት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስትበሱ ሴራሚኩ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ የትራፓኖው ጫፍ አይንሸራተትም። የትራፓኖውን የመዶሻ ምት አጥፍታችሁ ጀምሩ፣ ሴራሚኩን ካለፋችሁ በኋላ ክፈቱት። አሁን ጨርቁን አውጡ። የጎማ ማያያዣውን ቧንቧው ላይ ግጠሙና መቀመጫውን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት።

ብሎን ስታጠብቁ እባካችሁ በጉልበት አትሂዱ። ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ፣ እየተፈራረቁ። መቀመጫው መወዛወዙን ካቆመ በቃ። ከዚያ በላይ አንድ ዙር ብትጨምሩ ቀጭን «ጢቅ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ያቺ ድምፅ ከተሰማች መቀመጫው አለቀለት። ታንኩን ስታስቀምጡም እንደዚያው ነው። ወፍራሙ ጎማ በታንኩና በመቀመጫው መሀል ይግባ፣ የጎማ ሮንዴላዎቹ ከታንኩ ውስጥ በኩል ይሁኑ፣ የፕላስቲኩን ዳዶ በእጅ አጥብቁ። ፍሌክሲብሉን አዲስ ግዙ፤ የድሮውን መልሶ መግጠም አያዋጣም። ጫፉ ላይ ጎማ ስላለው ቴፍሎን አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል፣ ቁጠባው ያለው ግን እዚህ ነው። ውሃ ክፈቱና ታንኩ ሲሞላ ተመልከቱ። ውሃው ከመሀለኛው የትርፍ ውሃ ቱቦ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ቱቦው ውስጥ እየገባ ከሆነ ሌት ተቀን እየባከነባችሁ ነው፣ ተንሳፋፊውን በማስተካከያው ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ሁለቱንም ቁልፍ ሞክሩ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ ትንሹ ቁልፍ የሚለቀውን መጠን የሚወስን ለብቻው የሚንሸራተት ማስተካከያ አለ። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲመጣ ትንሹም ትልቁም እኩል ይለቃል፣ ሰው ደግሞ ሁለት ቁልፍ ስላየ ብቻ የቆጠበ ይመስለዋል። ሽንቱን አጥቦ እስኪያወጣ ድረስ ብቻ ቀንሱት።

ሌላ ነገር። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ነው። አሸዋው የታንኩ መሙያ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይዘጋታል። ታንኩ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ ቫልቩን ዝጉ፣ ፍሌክሲብሉን ፍቱ፣ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ አጥባችሁ መልሱ።

ማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ የቀዘቀዘና የጠለለ ቡና ታንኩ ውስጥ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ማንም አይጠቀም። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ቡኒ ከሆነ የታችኛው ጎማ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው፣ አውጥታችሁ ጠርጉና መልሱት። ብሎኖቹና ፍሌክሲብሉ ሥር ደረቅ ሶፍት አድርጉ፤ ነጥብ እርጥበት እንኳን ብትኖር ታሳያችኋለች።

ልጆችና ሠራተኛ ካሉ የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሆነ ቆማችሁ አሳዩአቸው። ቤታችን ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ሁሉም ሁለቱን ቁልፍ በአንድ ላይ ነበር የሚጫነው።

ሲሊኮኑን በመጨረሻ፣ ሁሉም ደረቅ መሆኑን ካያችሁ በኋላ፣ የመቀመጫውን ዙሪያ ቀቡት። ከኋላ በኩል አንድ ጣት የሚያህል ክፍት ተዉ። ነገ ከሥር ማፍሰስ ቢጀምር ውሃው በዚያ በኩል ወጥቶ ይታያችኋል፤ ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁት ግን መጀመሪያ የሚያየው ታች ቤት ያለው ጎረቤታችሁ ነው፣ ጣሪያው ላይ።