የካቴና ድምፅ ጋራዥ ሲደርስ ከጠፋባችሁ

የቀድሞው 1.4 ቲኤስአይ ሞተር ያለው የቮልስዋገን ጎልፍ ወይም ፖሎ የምትነዱ፣ ይህችን ያዙ። ጠዋት ስታስነሱት ከሞተሩ ጎን ቀርቀርቀር የሚል የብረት ድምፅ ይሰማና ወዲያው ይጠፋል። ጋራዥ ስትደርሱ ሞተሩ ሞቋል፤ መካኒኩ «ምንም የለውም» ብሎ ይሸኛችኋል።

መፍትሔው ስልካችሁ ነው። ማታ የዘይቱን ልክ እዩ፤ ከጎደለ ሙሉት። ጠዋት ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ያስነሳላችሁ፣ እናንተ ታይሚንግ ካቴናው (የክራንክና የካም ዘንጎችን አናቦ የሚያዞረው ሰንሰለት) ባለበት በኩል ቆማችሁ ቪዲዮ ቅረፁና ለመካኒኩ አሳዩት። እጃችሁን ከቺንጋው አርቁ።

ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ግፊቱ ይወርዳል። እስኪመለስ ድረስ የላላ ካቴና እየተወዛወዘ ይንኳኳል። ድምፁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቆየ፣ በዚያ ላይ የመመርመሪያው ኮምፒውተር ፒ0016 የሚል የብልሽት ኮድ ካወጣ (ክራንኩና ካሙ አልተናበቡም ማለት ነው)፣ ካቴናው ሳይረዝም አልቀረም። ሲቀየር ቴንሽነሩና የካቴናው መሪዎች (ካቴናውን በመስመሩ የሚይዙት) አብረው ይቀየሩ። ካቴናውን ብቻ መቀየር ሁለቴ መክፈል ነው።

ሞተሩ ሞቆም ድምፁ ካልጠፋ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ለቪዲዮ ብላችሁ ደግማችሁ እንዳታስነሱ። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። አስጎትቱት።

ዳገት ላይም በማርሽ ብቻ አታቁሙት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሞተሩን በተቃራኒው ያዞረዋል፣ ያኔ ደግሞ የዘይት ግፊት ስለሌለ የላላው ካቴና ጥርስ ሊዘል ይችላል።